ኮቱስ አለ፣ ሱሪውስ? ለጅማ ወንዶች የቀለም ምርጫ መመሪያ

ከሙሉ ልብስ ቀድሞ የሚያልቀው ሱሪው ነው። ኮቱን ቢሮ ስትገባ ወንበር ላይ ትሰቅለዋለህ። ሱሪው ግን ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ የባጃጅ ወንበር ላይ ይታሻል። ጉልበቱ ይሳሳል፣ መቀመጫው ማብለጭለጭ ይጀምራል። ኮቱ ገና አዲስ ሳለ ብቻውን ይቀራል። ከመጀመሪያውም ኮቱን ለብቻው የገዛም አለ። ከሰልባጅ ጥሩ ነገር አገኘ፣ ወይም ከውጭ የመጣ ዘመድ አመጣለት። ሁለቱም አንድ ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ፦ ይህን ኮት በምን ሱሪ ልልበሰው?

ብዙ ሰው የሚመክርህ «የሚመሳሰለውን ፈልግ» ብሎ ነው። እኔ አልስማማም። ሱሪው ከኮቱ ጋር ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ካልሆነ በግልጽ ይለይ። ዓይንን የሚረብሸው የተለየ ቀለም አይደለም። ለመመሳሰል ሞክሮ ትንሽ የቀረው ቀለም ነው። ጥቁር ሰማያዊ ኮት በሌላ ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ ስትለብስ፣ የሚያይህ ሰው «ሱሪው ተቀይሮበታል» ብሎ ነው የሚያስበው። በዚያው ኮት ግራጫ ሱሪ ብትለብስ ግን አስበህበት የለበስከው ይመስላል።

በጅማ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ጭቃው። እሱን ከዝርዝሩ በኋላ እመጣበታለሁ።

1. ኮትህ ብቻውን መለበስ የሚችል መሆኑን እይ

ብሌዘር የሚባለው ኮት ድሮውንም ከሱሪው እንዲለይ የተሠራ ነው። መነሻው የእንግሊዝ የጀልባ ቀዘፋ ክለቦች ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የካምብሪጅ ቀዛፊዎች ደማቅ ቀይ ኮት ይለብሱ ነበር። ሱሪው ነጭ ወይም ክሬም ነበር። ስለዚህ ብሌዘርን ከሌላ ቀለም ጋር መልበስ ሱሪ የጎደለው ሰው ዘዴ አይደለም። አለባበሱ ራሱ እንደዚያ ነው።

ችግሩ እያንዳንዱ ኮት ብሌዘር አለመሆኑ ነው። እንዲህ ለየው፦

ቁልፎቹ የብረት ከሆኑ ወይም ከጨርቁ የተለየ ቀለም ካላቸው፣ ኪሱ ከላይ የተለጠፈ ከሆነ፣ ጨርቁ በእጅ ሲዳሰስ ሻከር ወይም ወፈር የሚል ከሆነ፣ ብቻውን ይሄዳል። ጂንስም ካኪም ይቀበላል።

ጨርቁ ቀጭንና ልስልስ ከሆነ፣ ትንሽም የሚያብለጨልጭ ከሆነ፣ ቁልፉም ከጨርቁ ጋር አንድ ቀለም ከሆነ፣ የሙሉ ልብስ ኮት ነው። ይህም ቢሆን አይጣልም። ሱሪው ግን እንደ እሱ ልስልስ ይሁን። በደንብ የተተኮሰ ግራጫ ሱሪ ያስኬደዋል። ከጂንስ ጋር ግን አታስገድደው፤ ከወገብ በላይ ስብሰባ፣ ከወገብ በታች ሽርሽር ይሆንብሃል።

ባለ ቀጭን መስመር የሙሉ ልብስ ኮት ከሆነ ደግሞ እርሳው። የራሱ ሱሪ ካለቀ፣ ያንኑ ጨርቅ ካላገኘህ በቀር፣ ኮቱም አብሮ ያለቀ ቁጠረው። አውቃለሁ፣ ያሳዝናል።

2. ኮቱን ይዘህ ሂድ፣ ብርሃን ላይም እየው

«ቀለሙን አውቀዋለሁ» ብለህ ባዶ እጅህን ሂርማታ ገበያ አትውረድ። ዓይናችን ቀለምን በማስታወስ ደካማ ነው። ያቺ ጥቁር ሰማያዊ የምትላት ኮት ቤት ስትደርስ ጥቁር ሆና ታገኛታለህ። ኮቱን በፌስታል ጠቅልለህ ያዘው።

ሱቅ ውስጥ ደግሞ አትወስን። ጠባብ ሱቅ በአምፖል ብርሃን ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊን አንድ ያደርጋል። ቡናማና ወይራ አረንጓዴም እዚያ ይምታታሉ። ሱሪውን ይዘህ ደጃፍ ድረስ ውጣ። ባለሱቁ ቅር ካለው ኮትህን መያዣ ተውለት ልልህ ነበር፤ ግን የምታስተያየው ከኮቱ ጋር ስለሆነ ሁለቱንም ይዘህ አብሮህ ይውጣ።

እዚያ ላይ አንድ ቀላል ሙከራ አድርግ። ሱሪውን ከኮቱ ሥር አስጠግተህ በስልክህ ፎቶ አንሳ። ከዚያ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርገው። ኮቱና ሱሪው አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑብህ ልዩነታቸው አይበቃም። አንዱ ፈካ፣ ሌላው ጠቆር ብሎ በግልጽ ከታየ ደህና ነው። ቀለም የማይለይ ሰው እንኳ በዚህ መንገድ ሱሪ መግዛት ይችላል።

3. አሁን ወደ ኮትህ ቀለም

*ጥቁር ሰማያዊ።* አብዛኛው ሰው ያለው ይኸው ነው፤ ዕድለኛም ነው። ከሁሉም ኮት ሰፊ ምርጫ የሚሰጠው እሱ ነው። የመጀመሪያ ምርጫህ መካከለኛ ግራጫ ይሁን። ቢሮ ትገባበታለህ፣ ሠርግ ትሄድበታለህ፣ ማታም ያስኬዳል። ነጣ ያለ ግራጫ ለቀን ፕሮግራም ይበልጥ ያምራል። ጥቁር ግራጫ ግን ከጥቁር ሰማያዊ ጋር መቀራረብ ስለሚጀምር የፎቶውን ሙከራ ሳታደርግ አትግዛው።

ሁለተኛው ካኪ ነው። ይህ ዘና ያለ አለባበስ ነው፤ ከነጭ ወይም ከውሃ ሰማያዊ ሸሚዝ ጋር፣ ያለ ከረባት። ክሬምም እንዲሁ። ጠቆር ያለ ቡናማና ወይራ አረንጓዴም ይሄዳሉ፣ ብዙ ሰው ግን አይደፍራቸውም። ድፈራቸው።

ጥቁር ሱሪስ? እዚህ ላይ ሰው ይከራከራል። እኔ አልመክርም። ማታ በአምፖል ምንም አይልም። ቀን በፀሐይ ግን ጥቁር ሰማያዊው ኮት የደበዘዘ ጥቁር ይመስላል፣ ሱሪውም የሌላ ልብስ ሱሪ ይመስላል። ሌላ ከሌለህ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ጫማ አድርግበት፣ ያቀለዋል።

ጂንስን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ኮት ላይ ነው። «አዲስ ጠቆር ያለ ጂንስ ይከበራል» ብሎ ይገዛል። ግን እሱ ራሱ ጥቁር ሰማያዊ ነው! ከኮቱ ጋር ሊገናኝ ትንሽ ቀርቶት ቆመ ማለት ነው። ለዚህ ኮት ታጥቦ ፈካ ያለ ሰማያዊ ጂንስ ይሻላል። ቀዳዳና ልጣፍ የሌለበት ይሁን። ከነአካቴው ጥቁር ሰማያዊ ኮትን ከካኪ ጋር ለምጄዋለሁ ካልክ ጂንሱን ለሌላ ኮት ተውለት።

*ጥቁር።* ሰው ጥቁር ኮት ከሁሉም ጋር ይሄዳል ብሎ ያምናል። እንዲያውም አስቸጋሪው እሱ ነው። አብዛኛው ጥቁር ኮት የሙሉ ልብስ ነው፤ ልስልስና ቀጭን። ከካኪ ጋር ልዩነቱ በጣም ይጮሃል። ከነጭ ሱሪ ጋር የባንድ አባል ያስመስላል። ከጥቁር ሱሪ ጋር ይሄዳል እንዳትል፣ ሁለት ጥቁር ጨርቅ እኩል አይደበዝዝም። ፀሐይ ላይ ስትቆም አንዱ ወደ ቀይ፣ ሌላው ወደ አመድማ ሄዷል። የሚያዋጣው ግራጫ ነው፤ ከነጣ ያለው እስከ መካከለኛው። ኮቱ ወፈር ያለ ጨርቅ ካለው ሰማያዊ ጂንስም ጥሩ ነው። በዚህ በቃ።

*ግራጫ።* ግራጫ ኮት ከጥቁር ሰማያዊ ሱሪ ጋር የላይኛውን ጥምረት መገልበጥ ነው፤ እኩል ያምራል። ጥቁር ሱሪም እዚህ ቦታውን ያገኛል። ያ ጠቆር ያለው አዲስ ጂንስም እንዲሁ። ግራጫ በግራጫ ይቻላል፣ ግን ቢያንስ ሁለት ደረጃ ይራራቁ፦ ኮቱ ነጣ ካለ ሱሪው የከሰል ያህል ይጥቆር።

*ቡናማ።* ቡናማ አንድ ቀለም አይደለም፤ ከምጣድ ላይ ገና ቀላ ካለው ቡና እስከ ጠቆረው ድረስ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኮትህ የቱ ጋ እንደሆነ እይ። ፈካ ያለ ከሆነ ሱሪው ይጥቆር፦ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጠቆር ያለ ጂንስ፣ ጥቁር ቡናማ። ኮቱ ጠቆር ያለ ከሆነ ሱሪው ይፍካ፦ ክሬም፣ ካኪ፣ ነጣ ያለ ግራጫ፣ ፈካ ያለ ጂንስ። ጥቁር ሱሪ ከቡናማ ኮት ጋር አይጣላም፤ ግን ሁለቱንም ያደበዝዛቸዋል።

*ክሬምና ካኪ ኮት።* ሱሪው ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ። አለቀ።

*አረንጓዴ እና ወይን ጠጅ።* ኮቱ ራሱ ብዙ ስለሚናገር ሱሪው ዝም ይበል። ግራጫ፣ ክሬም ወይም ጥቁር ሰማያዊ።

*ዳማ ዳማ ኮት።* ሱሪው ያለ ምንም ጥለት አንድ ወጥ ቀለም ይሁን። ቀለሙን ከኮቱ ራሱ ምረጥ። ዳማው ውስጥ ካሉት ቀለሞች ቀጭኑን መስመር ፈልግና እሱን የሚመስል ሱሪ ያዝ። ኮቱ ግራጫ ሆኖ በውስጡ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ካለው ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ ይስማማዋል።

4. አሁን ወደ ጭቃው

የልብስ ምክር የሚጽፉ ሰዎች ብዙዎቹ ሰኔ ላይ ከጅማው መርካቶ እስከ አጂፕ በእግራቸው አልሄዱም። እዚህ ከመጋቢት ገደማ የጀመረ ዝናብ መስከረምን አልፎ ይዘልቃል። ደረቅ የምንለው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው። ስለዚህ የጅማ ሰው ሱሪ ሲመርጥ ከግማሽ ዓመት በላይ ለሚሆነው ወቅት ነው የሚመርጠው።

አፈራችን ደግሞ ቀይ ነው። ቀይ ያደረገው በውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ ነው። ዝገት በለው። ክሬም ሱሪ ላይ አንዴ ከደረቀና ከተተኮሰ አይለቅም።

ካኪን እንውሰድ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕንድ ውስጥ የነበረው የእንግሊዝ ጦር የለበሰው አቧራ እንዳያሳይ ብሎ ነበር። ለዚያ አገር አቧራ ልክ ነው። የእኛ ቀይ ጭቃ ግን ካኪ ላይ ጎልቶ ይታያል። ብዙ ሰው ከዚህ ሸሽቶ ጥቁር ይገዛል። ጥቁርም አያድንም! እርጥብ እያለ ይደብቃል፤ ሲደርቅ ነጣ ያለ ቀይ ነጠብጣብ ይሆንና ከሩቅ ይታያል። ባጃጅ አንዴ የረጨው ጥቁር ሱሪ ከጉልበት በታች ምን እንደሚመስል የማያውቅ ጅማ ውስጥ የለም።

ጭቃን በደንብ የሚችሉት መካከለኛ ግራጫና ቡናማ ናቸው። በተለይ ጨርቁ ሁለት ዓይነት ክር የተቀላቀለበት፣ ቀረብ ሲሉት ነጠብጣብ ያለው የሚመስል ግራጫ ከሆነ። ለዚህ ነው ከላይ ግራጫን እየደጋገምኩ የጠራሁት። ለጥቁር ሰማያዊም፣ ለጥቁርም ኮት ይሆናል፤ ክረምትንም ይችላል። አንድ ሱሪ ብቻ መግዛት የምትችል ከሆነ መካከለኛ ግራጫ ግዛ። ሁለተኛውን ለበጋ ካኪ ወይም ክሬም አድርገው። ሦስተኛው እንደ ኮትህ ጂንስ ወይም ቡናማ ይሁን።

ርዝመቱም ከጭቃ ጋር ይገናኛል። የሱሪው ጫፍ ጫማውን ነክቶ ይቁም፤ ከጫማው በላይ አይከመር፣ ከኋላም መሬት አይጥረግ። ልብስ ሰፊው ጋ ጫማህን አድርገህ ሂድ፣ ያንኑ የምትለብሰውን ጫማ። በሸበጥ ሄደህ ያስለካኸው ሱሪ በኋላ ያጥርብሃል ወይም ይረዝምብሃል።

ጭቃ ከነካህ ደግሞ እርጥቡን አትሸው፤ ወደ ክሩ ውስጥ ታስገባዋለህ። ይድረቅ። ከዚያ በብሩሽ አራግፈው፣ የቀረውን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና። በረኪና እንዳትነካ! የብረት እድፍን ያባብሰዋል። እድፉ ሳይለቅም ካውያ አታስነካው።

5. የምትሄድበትን አስብ

ለሠርግ፣ በተለይ ቡና ተለቅሞ በበጋው ለሚበዛው፣ ፈካ ያለ ሱሪ የመልበሻ ጊዜው ያኔ ነው። መንገዱ ደረቅ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ኮት በክሬም ሱሪ ለቀን ግብዣ በጣም ያምራል። አንድ ነገር ብቻ ቀድመህ አጣራ፤ ሚዜዎቹ ምን ለበሱ? ሳታውቀው እንደነሱ ለብሰህ ከተገኘህ ቀኑን ሙሉ ዕቃ አንሳ፣ መኪና ጥራ ይሉሃል።

ለዒድ በነጭ ጀለቢያ ላይ ኮት የሚደርቡ አሉ። እዚያም ሕጉ ያው ነው። ታች ነጭ ስለሆነ ላይኛው በግልጽ ይለይ፦ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጥቁር ግራጫ፣ ቡናማ። ክሬም ኮት በነጭ ጀለቢያ ላይ ግን ጀለቢያው የቆሸሸ ያስመስለዋል።

ለምረቃ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የምትወጣ ከሆነ ደግሞ ስለ ኮቱ ብዙ አትጨነቅ። ጋዋኑ ይሸፍነዋል። በፎቶ የሚታየው ከጋዋኑ በታች ያለው ሱሪና ጫማ ነው። ስለዚህ ጋዋኑ ጥቁር ከሆነ ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ ሱሪ ልበስ። ካኪ ሱሪ ከጥቁር ጋዋን ሥር ሲወጣ አያምርም።

ለለቅሶ የመለያየት ሕጉን ላላ አድርገው። እዚያ ማንም ጥምረትህን አያይም። ጠቆር ይበል እንጂ ሁለቱ ቢቀራረቡም ነውር የለውም። ፈካ ያለ ሱሪ ግን ቤት ይቅር።

6. ጫማና ቀበቶ

ሱሪው ከተመረጠ ይህ ቀላል ነው። ግራጫ ሱሪ ጥቁርም ቡናማም ጫማ ይቀበላል። ካኪ፣ ክሬም፣ ወይራና ጂንስ ቡናማ ጫማ ይወዳሉ። ጥቁር ሱሪ ጥቁር ጫማ ብቻ። ቀበቶው ጫማውን ይምሰል፤ ጨርሶ አንድ ባይሆንም በቤተሰብ ይገናኙ። ካልሲው ደግሞ ሱሪውን ይከተል፤ ስትቀመጥ ነጭ የስፖርት ካልሲ ብቅ ካለ ሌላው ድካም ሁሉ ገደል ገባ። ሊስትሮው ጋ ስትቀመጥም ሱሪህን አንድ ጊዜ ጠቅለል አድርገው። ጥቁር ቀለም ክሬም ሱሪ ጫፍ ላይ ከነካ ከጭቃው የባሰ ነው።

7. ስትገዛና ስታሰፋ

ሰልባጅ ላይ ያለውን ሱሪ ገልብጠህ እይ። ከውስጥ በኩል ስፌቱ አካባቢ ያለው ቀለም ከውጭው በጣም ከጠቆረ ሱሪው ደብዝዟል። ግራጫ ከሆነ ግድ የለም፣ ግራጫ ሲደበዝዝ ሌላ ግራጫ ነው። ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ግን ተወው። ጉልበቱንና መቀመጫውን ወደ ብርሃን ዘርግተህ አሳልፈህ እይ። ብርሃን እንደ ወንፊት ካስገባ ከወር በላይ አይቆይም።

ለማሰፋት ከመረጥክ፣ ስፋቱ 1.50 ሜትር ለሆነ ጨርቅ ለአንድ ሱሪ ከ1.20 እስከ 1.50 ሜትር ይበቃል። ረጅም ወይም ወፈር ያልክ ከሆነ ወደ ላይኛው ጠጋ በል። ጨርቁ ጥጥ ከሆነ ሳይቆረጥ በፊት ውሃ አስነክረህ አድርቀው፤ ጥጥ ይሰበሰባል። እዚህም ኮቱን ይዘህ ሂድ። ጨርቁን ኮቱ ትከሻ ላይ ጣል አድርገውና ሁለት ሦስት እርምጃ ወደኋላ ብለህ እየው። በቅርብ የሚስማማ የመሰለው ከራቅ ሲታይ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ደግሞ የሚያይህ ከራቅ ነው። ሰፊው «ይህ ከኮቱ ጋር ቁርጥ አንድ ነው» ካለህ አመስግነው፣ ሌላ ጨርቅ ጠይቀው።

አዲስ ጂንስ ከገዛህ ከፈካ ኮት ጋር ወዲያው አትልበሰው። ቀለሙ ይለቃል፤ ክሬም ኮት ከሆነ ጠርዙና ኪሱ አካባቢ ሰማያዊ ይይዛል። መጀመሪያ ገልብጠህ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ እጠበው፣ ጥላ ላይ አስጣው። የምታጥብበት ውሃ ቀለም መያዝ እስኪያቆም ድረስ ደጋግመው።